ገመዶቹ በማዕረግ ሲሰለፉ

ሀብተሚካኤል በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰው ብሎ የሚቆጥረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱን ነው። አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ፣ ቁልቁል የጫሞን ሐይቅ በሚያይ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠው የሐይቆች ተፋሰስ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ስምንት ሠራተኞች፣ ሃያ አንድ ኮምፒውተሮችና አንድ የኔትወርክ ባለሙያ ነበሩት። ሠላሳ ሰባቱ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው ይል ነበር ሀብተሚካኤል፤ ማጥፋቱንም ቢሆን ግማሾቹ ሶኬቱን ከግድግዳ እየነቀሉ ነው። ውሸቱን አልነበረም። ችግሩ እውነቱን ሲናገር አፍንጫውን ነፍቶ መሆኑ ነው።

አባቱ ከጎጃም መጥተው አርባ ምንጭ ላይ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። እሑድ እሑድ ምሳ ላይ "ሹመቱ የት ደረሰ?" ብለው ይጠይቁታል። ሹመቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ቡድን መሪነት ነው። ቦታው ከተፈቀደ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ሀብተሚካኤልም ሰባት ወር ሙሉ "በዚህ ሳምንት ነው" እያለ ምሳውን ይበላል። አባትየው ልጃቸው ገመድ ጎታች ሆኖ መቅረቱን ለራሳቸው ካመኑ ቆይተዋል።

ሹመቱን የሚሰጡት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ብርሃነመስቀል ናቸው። "ክቡር" ካልተባሉ የሰሙ አይመስሉም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደው ሲመለሱ ባለ ሁለት አንቴና የዋይፋይ ሳጥን ይዘው መጡ፤ ማንንም ሳያማክሩ ጠረጴዛቸው ሥር ካለው የኔትወርክ ሶኬት ላይ ሰኩት። ስልካቸው ላይ የዋይፋዩ ምልክት ጢም ብሎ ታየ። በምልክቱ በኩል ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልመጣም፤ እሳቸው ግን ምልክቱ ሞልቷልና ሌላ አልጠየቁም። "ዛሬ ኔትወርኩ ደከም ብሏል" ይላሉ በየቀኑ፣ ሳጥኑን በፍቅር እያዩ።

ሳጥኑ ግን ዝም ብሎ የሚያብለጨልጭ ጌጥ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ጠዋት ሲነሳ "ቁጥሬ ስንት ነው?" ብሎ ይጮኻል። ቁጥር የሚያድለው መዝገብ ቤቱ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰርቨር ነው። የኃላፊው ሳጥን ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ እኔም ቁጥር አዳይ ነኝ ባይ ነው። ኮምፒውተር የዋህ ፍጥረት ስለሆነ ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። ቁጥሩን ከሳጥኑ የተቀበለው ኮምፒውተር ከሰርቨሩም ከፕሪንተሩም ይቆራረጣል። ያን ሰሞን ፈቃድ ሊያሳድሱ ከጫሞ የሚመጡ ዓሣ አጥማጆች አንድ ቀን ተስተናግደው ሁለት ቀን "ሲስተም የለም" እየተባሉ ይመለሱ ነበር።

ወንድ የሆነ ሰው ኃላፊው ቢሮ ገብቶ "ሳጥንዎ ነው የሚያምሰን፤ ይንቀሉት" ይል ነበር። ሀብተሚካኤል ወንድነቱ ኮሪደር ላይ ነው። ከኃላፊው በር ፊት ሲደርስ እጁን አጣምሮ ወገቡን ሰበር የሚያደርግ ሰው ነው። ሳጥናቸውን መንካት ሹመቱን መንካት መስሎ ታየው። ስለዚህ ሳጥኑን ሳይነካ አፉን የሚዘጋበትን መንገድ መረጠ።

በሙያው ቋንቋ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ይሉታል። የየቢሮው ገመድ መጥቶ የሚሰካበት ስዊች የሚባል ዕቃ አለ፤ ሃያ አራት ቀዳዳ አለው። ባለሙያው ከሃያ አራቱ አንዱን "ታማኝ" ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ ወዲያ ቁጥር ማደል የሚችለው በታማኙ ቀዳዳ የተሰካ ብቻ ነው፤ በሌላ ቀዳዳ ያለ ማንም ላድል ቢል ስዊቹ ቃሉን እዚያው ይጥልበታል። ሀብተሚካኤል የሰርቨሩን ቢጫ ገመድ ቀዳዳ ቁጥር አንድ ላይ ሰካ። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስኑፒንጉን አስነሣ፤ ቀዳዳ አንድን ታማኝ አደረገ፤ የቀሩትን እንዳሉ ተዋቸው፤ የጻፈውን መብራት ቢጠፋም እንዳይረሳው አስቀመጠ። በማግስቱ ሃያ አንዱም ኮምፒውተር ትክክለኛ ቁጥሩን ይዞ ተነሣ። የኃላፊው ሳጥን ጠረጴዛ ሥር አረንጓዴ መብራቱን እያብለጨለጨ ለራሱ ብቻ ያወራ ጀመር። ኃላፊው ምንም አላወቁም፤ ምልክቱ እንደሆነ አሁንም ሙሉ ነው።

ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ይህን አለመመስከር ግፍ ነው። ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልለጠፈበትም። ለማንም አልነገረም። "ለማን ብዬ ነው የምጽፈው? ለእነዚህ?" አለ ለራሱ፣ የቁምሳጥኑን በር እየዘጋ።

ቁምሳጥኑ ያለው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። መዝገብ ቤቱን የምትይዘው አሰፋሽ የምትባል የጨንቻ ሴት ናት፤ አርባ አምስት ዓመቷ፣ ሃያ ሁለቱን መዝገብ ስታወጣና ስታስገባ የኖረች። ትልቅ ትንሹ "እትዬ አሰፋሽ" ይላታል፤ ሀብተሚካኤል "አሰፋሽ" ይላታል፣ ያውም ስታስፈልገው ብቻ። ከክፍሏ ምንም ነገር ሳይመዘገብ አይወጣም፤ መጥረጊያ የተዋሰ እንኳ ስሙ ይጻፋል። አማርኛዋ የጋሞኛ ዜማ አለው፤ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት የምታደርግበት ጊዜ አለ፣ ሀብተሚካኤልም ጨዋታዋን አቋርጦ ያርማታል። ጽሑፏ ግን እንከን የለውም። ያን ቀን እሱ ትእዛዙን ሲጽፍ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ ነበር።

"ኢንጅነር፣ ይሄ ቁጥር አንዱ ሥራው ምንድነው?"

"ብነግርሽ አይገባሽም። ብቻ እንዳትነኪው።"

"እሺ" አለች። አልነካችውም።

ያን ሰሞን ደግሞ ካይዘን መጣ። የሰው ሀብት ኃላፊው በዛብህ ሐዋሳ አምስት ቀን ሠልጥኖ፣ ቦርሳና ኮፍያ ተሰጥቶት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ከአፉ የሚወጣው አምስቱ ማዎች ብቻ ሆነ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በየግድግዳው ለጠፋቸው፤ ሽንት ቤቱም አልቀረለትም። የማይረባ ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ እየለጠፈ ወደ መጋዘን ሰደደ። ዕቃው ሲያልቅበት ወደ ሰው ዞረ። "እሴት የማይጨምሩ የሥራ መደቦች" የሚል ዝርዝር አዘጋጀ፤ ከላይ የተጻፈችው አሰፋሽ ናት። መዝገብ ቤት ወረቀት ያስቀምጣል እንጂ ተጨባጭ አስተዋጽኦ የለውም፤ ስለዚህ ሠራተኛዋ ወደ ምዕራብ ዓባያ ጣቢያ ትዛወር ይላል።

አሰፋሽ እናቷ ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ቤቷ ውስጥ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ከተኙ ሦስት ዓመታቸው ነው። በምሳ ሰዓት በባጃጅ ወርዳ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጠረጴዛዋ ላይ ናት። ከምዕራብ ዓባያ ይህን ማድረግ አይቻልም። ሌላ ዘመድ የላቸውም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም፤ በዛብህም ያውቃል። ውሳኔው የክልሉ ሱፐርቪዥን መጥቶ ከሄደ በኋላ በሚደረገው ግምገማ እንደሚሰጥ ተነገራት። ሀብተሚካኤል ዝርዝሩን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቦ፣ ዝርዝሩ ልክ ነው፣ ጥፋቱ አጭር መሆኑ ነው ብሎ አለፈ።

ቅዳሜ ኅዳር 4 ቀን ሠራተኛው በሙሉ አሮጌ ልብስ ለብሶ ለካይዘን ዘመቻ እንዲወጣ ታዘዘ። እንግዶቹ የሚመጡት ሰኞ ነው። ሀብተሚካኤል አሞኛል ብሎ አስደወለና ጫሞ ዳር ወርዶ ለብለብ ዓሣ በዳጣ አዘዘ። "መጥረጊያ ለመያዝ አይደለም የተማርኩት" አለ አብሮት ለተቀመጠው ጓደኛው፣ ጣቱን እየላሰ።

እሱ ዓሣውን ሲበላ በዛብህ የስዊቹን ቁምሳጥን ከፈተ። ውስጡ ሰማያዊ፣ ግራጫና ቢጫ ገመድ እርስ በርሱ ተተብትቦ ጉድ ነው የሚታየው። በዛብህ ፊቱ በራ። "ይኸውላችሁ ብክነት!" አለ። ሁለተኛው ማ ሁሉም ዕቃ ቦታ ቦታውን ይያዝ ይላል፤ ግን ገመድ በምን ተራ ይቀመጣል? አንዷ በቀለም አለች። ከዕቅድ ክፍል የመጣው ጌዲዮን በክፍል ቁጥር ቢሆንስ አለ፤ ደህና ሐሳብ ስለነበር ማንም አልሰማውም። በዛብህ የየገመዱን ጫፍ እየተከተለ ሲያስጠና ቆይቶ ድንገት ደነገጠ። የክቡር ኃላፊው ገመድ ቀዳዳ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ ነው! ዘጠነኛው ላይ ማን አለ? ተላላኪዎቹ!

"ይሄ ነውር ነው" አለ። "በማዕረግ ይሁን።"

በማዕረግም ሆነ። ክቡር ኃላፊው ቀዳዳ ቁጥር አንድ፣ ምክትላቸው ሁለት፣ የሥራ ሂደት መሪዎች በተሾሙበት ዘመን ቅደም ተከተል፣ ከዚያ ባለሙያዎች፣ ከዚያ ጸሐፊዎች፣ እስከ በር ጥበቃው ቤት ድረስ። ቀዳዳ አንድ ላይ የነበረውን ቢጫ ገመድ በዛብህ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያዘ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የሰው አይደለም፤ የዚያ ማሽን ነው" አለች አሰፋሽ። "ኢንጅነሩ ቁጥር አንድን እንዳትነኩ ብሏል።"

"ኢንጅነሩ የት አለ? ታሞ ተኝቶ የለ! ማሽን ማዕረግ የለውም።" ቢጫው ገመድ ከጥበቃው ቤት በታች፣ ሃያ አራተኛው ቀዳዳ ላይ ተሰካ። ገመዶቹ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተጠርንፈው ታሰሩ። ከየቀዳዳው በላይ በላስቲክ የተለበጠ የማዕረግ ስም ተለጠፈ። "ከካይዘን በፊት" እና "ከካይዘን በኋላ" የሚል ፎቶ ተነሣና በትልቁ ታትሞ ኮሪደር ላይ ተሰቀለ፤ እውነትም ያምራል።

ስዊች ግን ፎቶ አይቶ አይማርም። ታማኙ ቀዳዳ አንድ ነው ተብሏል፤ ቀዳዳ አንድ ላይ ደግሞ አሁን ክቡር ኃላፊው ከነሳጥናቸው ተቀምጠዋል። ቁጥር የማደል ሥልጣን ለሳጥኑ ሆነ፤ የሰርቨሩ አፍ ተዘጋ። ቅዳሜ ኮምፒውተሮቹ ጠፍተው ስለነበር ማንም አላስተዋለም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሃያ አንዱም ኮምፒውተር የሳጥኑን ቁጥር ይዞ ተነሣ። ፈቃዱ አይከፈትም፤ ሪፖርቱ አይከፈትም፤ ፕሪንተሩ አይታይም። ዓሣ አጥማጆቹ ኮሪደሩን ሞልተው የካይዘንን ፎቶ ያያሉ። እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። አቶ ብርሃነመስቀል ሊቀበሏቸው ከመውጣታቸው በፊት ሀብተሚካኤልን ኮሪደር ላይ አስቁመው፣ "ዛሬ ብታዋርደኝ ያንን ቦታ እርሳው" አሉትና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ሀብተሚካኤል ቁጥሮቹን ሲያይ የሳጥኑ መሆናቸውን ወዲያው ለየ። ደግሞም አይሆንም አለ። ሳጥኑ አፉ ተዘግቷል፤ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። የራሱ ኮምፒውተር ቁጥሩ በእጅ የተሰጠ ስለሆነ ከቢሮው ሆኖ ስዊቹ ውስጥ ገባ። ስኑፒንጉ በርቷል። ቀዳዳ አንድ ታማኝ፤ ሌላው አይደለም። አንዲት ፊደል አልተነካችም። ሦስት ጊዜ አነበበው፣ ሦስቱንም ጊዜ የገዛ ሥራው ማማሩ አስደሰተው። እኔ ካልተሳሳትኩ የተበላሸው ሰርቨሩ ነው ብሎ ደመደመ።

መዝገብ ቤት ወርዶ ሰርቨሩን አጥፍቶ አበራው። ጠበቀ። ምንም። ደግሞ አጥፍቶ አበራው። ክዳኑን ፈታ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ኬብሎቹን ጫን ጫን አደረገ። ላብ አጠመቀው። ከጀርባው ሁለት ሜትር ላይ ቁምሳጥኑ ተዘግቶ ቆሟል፤ ዞር ብሎ አልከፈተውም። በእሱ ሐሳብ ገመድ ማለት ፎቶ ለማንሣት የሚጠረነፍ ነገር ነው፣ ቁም ነገሩ ያለው ትእዛዙ ውስጥ ነው።

"ኢንጅነር፣ ቅዳሜ..." አለች አሰፋሽ።

"ቅዳሜ ምን? ቅዳሜ መጥረጊያ ይዛችሁ ትዘፍኑ ነበር። እባክሽ ሥራ ላይ ነኝ።"

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከላይ በዛብህ "እንዴት ነው?" ብሎ ይጮኻል። ሀብተሚካኤል ሰርቨሩን ለአራተኛ ጊዜ አጠፋው፤ አሁን ምን እንደሚያደርግ እንኳ አያውቅም፣ እጁ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ብቻ ነው። አሰፋሽ ከወንበሯ ተነሣች። የገቢና ወጪ መዝገቧን አምጥታ በተፈታው የሰርቨር ክዳን ላይ ዘረጋችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

"ኅዳር 4/2008። ቢጫ ገመድ፣ የሰርቨር፣ ከቁጥር 1 ወጪ፣ ወደ ቁጥር 24 ገቢ። ያዘዘው አቶ በዛብህ። ሰማያዊ ገመድ፣ የክቡር ኃላፊ፣ ከቁጥር 17 ወጪ፣ ወደ ቁጥር 1 ገቢ። ያዘዘው አቶ በዛብህ።" ከዚያ በታች የቀሩት ሁሉ ተራ በተራ ወርደዋል። አንድም አልቀረም።

ሀብተሚካኤል ሲያነብ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቁምሳጥኑን በረገደው። ከቀዳዳ አንድ በላይ "ክቡር የጽ/ቤት ኃላፊ" የሚለው ጽሑፍ በላስቲኩ ውስጥ ያብረቀርቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ያላብጠለጠለው ማሽን አልነበረም፤ ክዳኑን ሲፈታበት፣ ሲሰድበው ያረፈደው ሰርቨር አንዳች ጥፋት የለበትም። ከአሰፋሽ ጠረጴዛ ላይ መቀሱን አንሥቶ ማሰሪያዎቹን ቆረጠ፤ ሰማያዊውን ነቀለ፣ ቢጫውን ወደ አንድ መለሰ፣ ክቡርነታቸውን ሃያ አራት ላይ ሰካ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ከዚያ ፎቅ ለፎቅ እየሮጠ ኮምፒውተሩን ሁሉ አስጠፍቶ አስነሣ።

አራት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ጉዳይ ላይ ፈቃዱ ተከፈተ። ተመልሶ ሲወርድ አሰፋሽ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆማ ነበር።

"ሁለቱም ተመላሽ ብዬ ልጻፍ?"

"ጻፊ" አላት። አመሰግናለሁ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ የእንግዶቹ ጫማ ድምፅ ተሰማና ቃሉን ውጦ ልብሱን አራገፈ።

እንግዶቹ አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚገባ፣ አራተኛዋ ማስታወሻ የምትይዝ። ኮምፒውተር ሲከፈት አዩ፣ ፈቃድ ሲታተም አዩ፣ ቁምሳጥኑ ተከፍቶላቸው ስዊቹን አዩ። የማዕረግ ስሞቹ የተለጠፉት ከቀዳዳዎቹ በላይ እንጂ ገመዱ ላይ ስላልነበረ የክቡርነታቸው ስም አሁንም ከአንደኛው ቀዳዳ በላይ ነው፤ ሥሩ ያለው የሰርቨሩ ገመድ መሆኑን ከሀብተሚካኤልና ከአሰፋሽ በቀር የሚያውቅ የለም። "ግሩም ተሞክሮ ነው፤ ለሌሎች ዞኖችም መስፋት አለበት" አሉ የቡድኑ መሪ። በዛብህ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ስድስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ዓሣ ሊበሉ ሄዱ። አሰፋሽ በባጃጅ ሲቀላ ወርዳ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች።

ግምገማው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኃላፊው ቢሮ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አሰፋሽ ናት፤ እንደ እሷ ሲነበብ የሚገባ የሚጽፍ ስለሌለ ስለራሷ የሚወሰነውንም ራሷ እንድትጽፍ መደረጉ ማንንም አላሳፈረም። የጠረጴዛው ጥግ ላይ ወረቀቷን አስተካክላ ተቀመጠች።

"ጠዋት ምን ነበር የሆነው?" አሉ አቶ ብርሃነመስቀል።

በዛብህ አንገቱን ቀበረ። ሀብተሚካኤል ተነሣ። ያየውን ሊናገር ይችል ነበር። ግን እውነቱን ከተናገረ የመጀመሪያው ጥፋተኛ ጠረጴዛው ሥር የሚያብለጨልጨው ሳጥን ነው፣ ባለቤቱም ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ሁለተኛው በዛብህ ነው፤ የሹመቱ ወረቀት የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው። ሦስተኛው ዓሣ ሲበላ የዋለ፣ ለማንም ሳይነግር፣ ሳይለጥፍ የሄደ አንድ ባለሙያ ነው።

"ከውጭ የመጣ የቫይረስ ጥቃት ነበር፣ ክቡር ኃላፊ። ተቆጣጥሬዋለሁ።"

"ቫይረስ!" አሉ ኃላፊው፣ ፊታቸው በኩራት እየፈካ፤ መሥሪያ ቤታቸው በውጭ ጠላት መጠቃቱ ደስ አላቸው። "በሁለት ሰዓት ውስጥ? ብቻህን?"

የአሰፋሽ እስክሪብቶ ቆመ። ቀና አላለችም።

"ብቻዬን" አለ።

"ብቻውን ተብሎ ይጻፍ?" አለች አሰፋሽ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ሳትጥል።

"እንዴታ! ይጻፍ እንጂ" አሉ ኃላፊው። ከዚያ ሁሉ ነገር ፈጠነ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ያለ ቦታው መቀመጡ ብክነት ነው ተባለ፤ በዛብህ ከሁሉ በፊት ደገፈ፤ ሀብተሚካኤል የቡድን መሪ ሆኖ እንዲሾም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰባት ወር ያልሆነው በሰባት ደቂቃ ሆነ። ተጨበጨበ። እሱም ወገቡን ሰበር አድርጎ ዞሮ ዞሮ እጅ ነሣ።

"ሁለተኛ አጀንዳ" አለ በዛብህ። "እሴት የማይጨምሩ መደቦች።"

አቶ ብርሃነመስቀል ዝርዝሩን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጨካኝ አልነበሩም፤ ጨካኝ ለመሆን የሚያበቃ ሐሳብ የላቸውም። "ወይዘሮ አሰፋሽ የቤት ችግር እንዳለባት ሰምቻለሁ። ዝም ብዬ ማስቀረት ግን አልችልም፤ መመሪያ ነው። እስቲ ተጨባጭ አስተዋጽኦዋን ያየ ሰው ካለ ይናገር። አንድ ይበቃኛል።"

"ምግባሯ ጥሩ ነው" አለ ጌዲዮን።

"ምግባር መለኪያ የለውም" አለ በዛብህ። "ተጨባጭ ነው የተባለው።"

ኃላፊው ዓይናቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞሩ። አንድ ይበቃኛል ብለዋል። ሀብተሚካኤል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ እሱ ብቻ ያለው፤ መዝገቡም ታች መዝገብ ቤት በማስረጃነት ተቀምጧል። አሁን ቢናገር "ብቻዬን" ያለው ምን ሊሆን ነው? ጭብጨባው ገና ከጆሮው አልወጣም። እሷ ራሷ ለምን አትናገርም ብሎ ተቆጣ፤ ጥፋቱን እሷ ላይ ለመጣል ሞከረ፣ ለጊዜውም ደህና ይዞለት ነበር።

"አንቺስ የምትይው አለሽ?" አሏት ኃላፊው።

"እኔ የምጽፈው የተባለውን ነው፣ ክቡር ኃላፊ።"

ተወሰነ። ጻፈችው። ከዚያ በደንቡ መሠረት ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበች። የኔትወርክ ባለሙያው አቶ ሀብተሚካኤል የደረሰውን የቫይረስ ጥቃት ብቻቸውን በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደተቆጣጠሩ አነበበች። እንደተሾሙ አነበበች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይዘሮ አሰፋሽ ተጨባጭ አስተዋጽኦ ስላልተገኘባቸው ከኅዳር 20 ጀምሮ ወደ ምዕራብ ዓባያ ጣቢያ እንዲዛወሩ መወሰኑን፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታነብ ሁሉ፣ አንድም ቃል ሳታደናቅፍ አነበበች።

"የቀረ፣ ወይም የሚስተካከል አለ?" አለች።

ይህ ደግሞ ደንብ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ሳይፈረም በፊት ይጠየቃል። አሰፋሽ ዓይኗን ከወረቀቱ አንሥታ ሀብተሚካኤልን አየችው። ቁጣ አላየባትም፤ ልመናም አላየባትም። ያየው ንቀት ነበር፤ ጠንቅቆ የሚያውቀው፣ ሌሎች ላይ ሲያሳርፈው የኖረ፣ ከሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ግን ወደ ራሱ ሲመጣ ገና አሁን ያየው። እንደሚገባው ተሰማው፤ ተሰምቶትም አፉን ከፈተ።

"የለም" አለ፣ ከሁሉም ቀድሞ።

ወረቀቱ በየተራ ዞረ። ኃላፊው ፈረሙ፣ ምክትላቸው ፈረሙ፣ በዛብህ በቀይ እስክሪብቶ ፈረመ። ሀብተሚካኤል ዘንድ ሲደርስ አሰፋሽ ራሷ ወደ እሱ መጣች፤ ስሙ የተጻፈበትን መስመር በጣቷ አሳየችው።

"እዚህ ጋ ነው፣ ኢንጅነር።"

እሱም ፈረመ።